ለእንግዳ የምንጎዘጉዘውን ለመሬታችንም እንጎዝጉዝ

በጥቢ ወቅት የጓሮ መደብን በጉዝጓዝ ስለ መሸፈን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






 

ከእኔ በፊት የተናገሩት አባቶችና ኃላፊዎች ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እህል ግዥና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው አስረድተዋል። እኔ ልናገርበት የመጣሁት ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ስፋቱ በጥማድ አይለካም፤ በአብዛኛው ሪፖርታችን ውስጥም አይገባም። እርሱም በየቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ጎመኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ጌሾው፣ አንዳንዱም ቤት ፖሙና ኮኩ ያለበት መሬት ማለቴ ነው። ከዚህም ውስጥ የማተኩረው በአንድ ሥራ ላይ ይሆናል፤ ክረምቱ ወጥቶ ጥቢው ሲገባ የጓሮውን መደብ በደረቅ ሳርና በቅጠል መሸፈን። እኛ ባለሙያዎች ይህንን ጉዝጓዝ እንለዋለን። ቃሉ አዲስ አይደለም። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤታችን ውስጥ ቄጤማ የምንጎዘጉዘው ያው ነው።

ውሃው የት ይሄዳል?

ነገሩን በቁጥር እንጀምረው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት 1,300 ሊትር ውሃ በዚያች በአንዲት ካሬ ሜትር ላይ ይወርዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን ስናሰላው 65 ጀሪካን ይሆናል። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር በሆነ አንድ የጎመን መደብ ላይ ደግሞ 650 ጀሪካን ውሃ ከሰማይ ይወርዳል።

ይህን ያህል ውሃ የወረደበት መደብ ኅዳር ላይ ምን ይመስላል? ቀይ አፈር ከሆነ ላዩ ጠጥሮ እንደ ቅርፊት ይሆናል። ዋልካ ከሆነ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰንጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። ያን ጊዜ ልጃገረዷና እናቲቱ ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጭ ይወርዳሉ። ያመጡትንም ውሃ ያጠጣሉ። ፀሐይና ነፋስ ባለበት የበጋ ቀን ገና ውሃ ከጠጣ ገላጣ መሬት ላይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ሊተን ይችላል። ለዚያ ለ10 ሜትሩ መደብ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ነው። እንግዲህ ሁለት ጀሪካን በጀርባ ተሸክመን የምናመጣው ለጎመኑ ብቻ አይደለም፤ ለነፋሱም ጭምር ነው።

ዝናቡ ሲወርድም ሌላ ጥፋት አለ። የዝናብ ጠብታ ገላጣ አፈር ላይ ሲያርፍ አፈሩን ፈርክሶ ያላቅቀዋል፤ ጎርፉም ይዞት ይሄዳል። በደምበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከማሳ የሚታጠበውን አፈርና ጎርፍ ሲለካ የኖረው ይህ ጉዳይ ለአካባቢያችን የህልውና ጉዳይ በመሆኑ ነው። የጤፍ ማሳ አልሞ ተለስልሶ ገላውን በሚሆንበት በሐምሌ የሚወርደው ጎርፍ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ከጮቄ በሚወርዱት ወንዞች ላይ ሁላችንም አይተናል። ያ ቀለም የእኛ አፈር ነው።

ጉዝጓዝ ለዚህ ሁሉ ቀላል መድኃኒት ነው። ፀሐይና ነፋስ አፈሩን በቀጥታ እንዳያገኙት ይጋርዳል። ጠብታው በሳሩ ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ብርሃን ስለሚከለክል አረም እንደ ልቡ አይበቅልም። ሲበሰብስ ደግሞ ራሱ ብስባሽ ይሆናል፤ የምድር ትሎችም ከሥሩ ተሰብስበው አፈሩን ያላሉታል።

የእኔ ስህተት

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህንን ሁሉ ኮሌጅ ተምሬ ዲፕሎማዬን ይዤ ቀበሌ ስገባ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመቴ በነሐሴ ወር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዘንድ ሄጄ የጥቅል ጎመን መደባቸውን በጭድ እንዲሸፍኑ መከርኳቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ላሜ ምን ትብላ?» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ አፈሩ ከጠገበ ላሚቱም ትጠግባለች» ብዬ ከመጽሐፍ የለቀምኩትን መለስኩላቸው። አክብረውኝ እሺ አሉ። ከቀረችው የጭድ ክምር ላይ ሁለት ሸክም አውጥተው ጎመኑን እስከ አንገቱ ድረስ ሸፈኑት። ነሐሴ የክምር ጭድ የሚያልቅበት፣ ማሳው ሁሉ በሰብል ተይዞ ከብት መሰማሪያ የሚያጣበት ወር መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሳያባራ ሁለት ሳምንት ዘነበ። ጭዱ ውሃ ጠጥቶ ግንዱ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ ቀንድ አውጣና ትል ተራባ። ጎመኑም ከግንዱ በሰበሰ። ጎረቤት «የእርሻው ልጅ ጎመን ቀበረ» እያለ ሳቀብኝ። እኒያ እናት ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። የጎዳኝ ይሄ ዝምታቸው ነበር። የላሚቱን መኖ በእኔ ቃል አውጥተው ጎመኑንም ጭዱንም አጡ።

ለመስቀል ማግስት እንደምንም ራሴን አደፋፍሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጠላ አቀረቡልኝ። ቤታቸው ውስጥ የነበረውን የበዓል ቄጤማ ጠርገው ሲያወጡ አየሁ። ወስደው የጣሉት ከጓሮው ጥግ፣ በቅርቡ ከተከሏቸው የጌሾ ችግኞች ሥር ነበር። ለምን እዚያ እንደሚጥሉት ስጠይቃቸው «ከድሮም እዚሁ ነው የምንጥለው፤ ጌሾው ይወደዋል» አሉኝ። በጥቅምት መጨረሻ ተመልሼ ሄጄ ቄጤማውን ገለጥ አድርጌ ጣቴን አፈሩ ውስጥ አስገባሁ። አፈሩ እርጥብ ነበር። ከዚያ አንድ እርምጃ ርቆ ያለው ገላጣ መሬት ግን ጣት አያስገባም። ኮሌጅ የተማርኩትን ትምህርት በትክክል የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ጉዝጓዙ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ጊዜውና ዕቃው ላይ ነበር። የክረምት ውሃ ተዘግቶበት መተንፈሻ ላጣ አፈር መጎዝጎዝ ጉዳት ነው። ውሃው ሊሄድ ሲል መጎዝጎዝ ግን ውሃውን ማስቀረት ነው። የላምን ራት ነጥቆ መጎዝጎዝ ደግሞ ልማት አይባልም።

ሦስት አፎች

በእኛ አካባቢ ከሰብል የሚተርፈውን ሁሉ የሚጠብቁ ሦስት አፎች አሉ። አንደኛው የከብቱ አፍ ነው። ሁለተኛው የምድጃው አፍ ነው፤ ፍጉ እንኳ ኩበት ሆኖ ወደዚያው ይሄዳል። ሦስተኛው የመሬቱ አፍ ነው። ከብቱ ሲርበው ይጮኻል፤ ምድጃው ሲራብ ምጣዱ ስለማይሰማ እንጀራ ይቀራል። መሬት ግን አይጮኽም። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረው እርሱ ነው።

ለዚህ ነው እኔ ዛሬ በሰፊው ማሳ ላይ ጉዝጓዝ ጀምሩ የማልለው። ማሳው ላይ የተረፈው ቃርሚያ ከአጨዳ በኋላ በልቅ ግጦሽ ይበላል፤ ጭዱም የከብት ነው። ጓሮ ግን አጥር አለው፤ ስፋቱም ትንሽ ነው። ከብት የማይበላው፣ ምድጃም እምብዛም የማይፈልገው ነገር ብቻውን ይበቃዋል። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

አንደኛ፦ የበዓል ቄጤማና ሳር። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል በኋላ በየቤቱ ተጠርጎ የሚጣለው በሙሉ ወደ ጓሮ ይግባ።

ሁለተኛ፦ ዘር ሳይቋጥር የታረመ አረም። በመስከረም በየአጥሩ ጥግ የሚፈነዳውን አደይ አበባ ጨምሮ አበባው ዘር ከመያዙ በፊት ታጭዶ ይጠውልግና ይነጠፍ። ሰርዶ ግን ከነሥሩ እንዳይገባ። ከየአንጓው ሥር እየሰደደ ጉዝጓዙን ራሱን ማሳ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፦ የአጥር ቅጠል። ስሚዛ፣ ግራዋና ብሳና ሲመለመሉ ቅጠላቸውና ለጋ ቅርንጫፋቸው ጥሩ ጉዝጓዝ ነው። ቶሎ ስለሚበሰብሱም አፈሩን ያዳብራሉ።

አራተኛ፦ የኑግና የበቆሎ አገዳ ትራፊ። ከብት መርጦ የተወው፣ ረግጦ ያበላሸው፣ ከጋጣው ሥር የሚጠረገው ሁሉ ተከታትፎ ይግባ። ከብት ከተኛበት ሽንት ያገኘው ትራፊ ከሁሉም ይበልጣል።

የባህር ዛፍ ቅጠል ግን ለጓሮ አትክልት እንዲነጠፍ አልመክርም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያግድ ጠባይ አለው።  የጤፍ እብቅም ቢሆን ዘር ስለሚቀላቀልበት መደቡን በቡቃያ ይሞላዋል።

እንዴት እንሥራው?

ጊዜው ከመስቀል ጀምሮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናቡ እየቀለለ መሆን አለበት፤ አፈሩ ግን ገና እርጥብ መሆን አለበት። ከደረቀ በኋላ የሚጎዘጉዝ ሰው ድርቀቱን ነው የሚሸፍነው። ዘግይቶ የጀመረ ካለ መጀመሪያ በደንብ ያጠጣ፤ ከዚያ ይሸፍን።

በመጀመሪያ መደቡ ይታረም። ቀጥሎ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በተክሉ ዙሪያ ይጨመርና በትንሹ ከአፈር ጋር ይደባለቅ። አገዳና ደረቅ ሳር ግን ከአፈር ጋር አይቀበር። ደረቅ ነገር አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ላይ ላዩን ሲነጠፍ ግን ይህ ችግር እምብዛም የለም።

ጉዝጓዙ በስንዝር መጠን ይቆረጥና አራት ጣት ተጋድሞ በሚሆን ውፍረት ይነጠፍ። ከዚህ ከሳሳ አረሙ ሰንጥቆ ይወጣል፤ ከዚህ ከወፈረ ደግሞ አፈሩ አየር ያጣል። ከጎመንና ከቃሪያ ግንድ ሦስት ጣት ይራቅ። ከፖም፣ ከኮክና ከጌሾ ግንድ አንድ ስንዝር ይራቅና የቅርንጫፉ ጥላ እስከሚደርስበት ድረስ ይነጠፍ። እኔ በዚያ ነሐሴ የዘለልኩት ይህንን ነበር።

ችግኝ ከተዛወረ በኋላ ሥር እስኪይዝና ስንዝር እስኪያህል ይጠበቅ። በቀጥታ ለሚዘራው ካሮትና ቀይ ሥር ደግሞ የችግኝ መደብ ላይ እንደምናደርገው ስስ ሳር ሸፍነን ብቅ ሲል እናነሳለን፤ ከዚያም በመስመሩ መካከል እንጎዘጉዛለን።

ውሃ ስናጠጣ ከላይ መርጨት አይጠቅምም፤ ሳሩን ብቻ አርጥቦ ይተናል። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ቀስ ብሎ ማፍሰስና መልሶ መክደን ነው። መቼ እንደሚጠጣ ለማወቅም ቀኑን መቁጠር አያስፈልግም። ጣት ወደ አፈሩ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይግባ። እርጥበት ከተሰማ ይቆይ፤ ካልተሰማ ይጠጣ።

ዶሮዎችን አትርሱ። ዶሮ ጉዝጓዝ ስታይ ድግስ የተጣለላት ይመስላታል፤ በአንድ ጠዋት ጭራ ትጨርሰዋለች። ነገር ግን የእሾህ ቅርንጫፍ በላዩ ጣል ጣል ማድረግ ይበቃል። አይጥና ቆራጭ ትልም ከሥሩ መደበቅ ስለሚወዱ በሳምንት አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

በደጋው፣ በተለይ ወደ ጮቄ ጥግ ያላችሁ፣ ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጣውን ውርጭ በተመለከተ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ጉዝጓዝ ሥሩን ከቅዝቃዜ ይጠብቃል እንጂ ቅጠሉን ከውርጭ አያድንም። እንዲያውም አፈሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ወደ ላይ እንዳይለቅ ስለሚከለክል ውርጭ በሚበዛበት ሸለቆ ቅጠሉ የበለጠ ሊመታ ይችላል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ምሽት ለጋ ችግኝን ከላይ በደረቅ ሳር መክደንና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ ይሻላል።

ክረምቱ ሲመለስ ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ጉዝጓዙ ተሰብስቦ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ። ተዳፋት በሆነ ቀይ አፈር ላይ ግን ስስ ሆኖ ቢቆይ ጠብታውን ይከላከላል።

አይታችሁ እመኑ

በእኔ ቃል ብቻ አምናችሁ ጓሯችሁን ሁሉ ሸፍኑ አልልም። ያን ስህተት አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አንድ መደብ ለሁለት ክፈሉ፤ ግማሹን ጎዝጉዙ፣ ግማሹን ተዉ። ለሁለቱም እኩል ውሃ አጠጡ። እስከ ገና ድረስ የትኛው ቶሎ እንደሚጠወልግ፣ የትኛው አረም እንደሚያበዛ ራሳችሁ ተመልከቱ። እኒያ እናት በቀጣዩ ዓመት እንዲሁ አደረጉ። በተጎዘጎዘው ግማሽ ላይ በየሁለት ቀኑ ያጠጡ የነበረውን በየአራትና በየአምስት ቀኑ ማጠጣት በቃቸው። ጭድ ግን አንዲት እፍኝ እንኳ አላወጡም። «ላሜም አልተቀየመችኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቻቸውን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ይህ ነገር በአገራችን እንግዳ አይደለም። በደቡብ እንሰት የሚያለሙ ወገኖቻችን የቤቱን ጥራጊ፣ ፍጉንና ቅጠሉን ወደ ጓሯቸው እየመለሱ በጠባብ መሬት ብዙ ቤተሰብ ሲያኖሩ ቆይተዋል። የእኛም እናቶች ለጌሾው ሲያደርጉት ኖረዋል። የጎደለን ለጎመኑና ለሽንኩርቱም ማድረጉ ነው።

ከዩኒየኑና ከኃላፊዎች የሚጠበቅ

ንግግሬን ከማጠቃለሌ በፊት በትሕትና ሦስት ነገሮችን ላመልክት።

የመጀመሪያው፣ ዩኒየናችን ለሰፊ ማሳ ግብዓት እንደሚያቀርብ ሁሉ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ለአንድ መደብ የሚበቃ የአትክልት ዘር በትንንሽ ማሸጊያ ከጥቢ በፊት እንዲገኝ ቢያደርግ። ዘሩ በኅዳር ሲመጣ ውሃው ሄዷል።

ሁለተኛው፣ የከብት መኖ ጉዳይ ነው። የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነው ፉርሽካና ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ፋጉሎ ለአባላት በተመጣጣኝ ዋጋ ሲደርስ በጭድ ላይ ያለው ሽሚያ ይቀንሳል። ከብቱ ሲጠግብ ለመሬቱም ይተርፋል።

ሦስተኛው ለቀበሌ ኃላፊዎች ነው። ማኅበረሰቡ ልቅ ግጦሽን ለመገደብ በራሱ የሚያወጣው የመተዳደሪያ ደንብ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ድጋፍ ይደረግ። ዛሬ በአጥር ውስጥ የቀረው ጉዝጓዝ ነገ ወደ ማሳው ሊወጣ የሚችለው ይህ ሲሆን ብቻ ነው። በተጨማሪም የጓሮ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነውና በዕቅዳችንና በሪፖርታችን ውስጥ ስፍራ ይሰጠው። የአባልነቱ ደብተር በባል ስም ቢሆንም ጀሪካኑ ያለው በሚስት ጀርባ ላይ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንግዳ ሲመጣብን ባዶ መሬት ላይ አናስቀምጥም። ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ምንም ከሌለ ቆዳ እናነጥፋለን። ዓመቱን ሙሉ የሚያበላንን መሬት ግን ራቁቱን በፀሐይ እናውለዋለን። በዚህ ዓመት መስቀል ሲያልፍ ከቤታችሁ የምትጠርጉትን ቄጤማ ወደ ጉድባ አትጣሉት። አንድ መደብ ይሁን፤ ግማሽ መደብም ይሁን። በጥቅምት መጨረሻ ገለጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን አስገቡና አፈሩ የሚነግራችሁን ስሙ።

በዓሉ የፍቅርና የሥራ በዓል ይሁንልን።